የሟቾች የውሃ ተራ

«ወልዴ ካሳሁን!»

መልስ የለም። ካድሬው ተፈራ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ አድርጎ ስሙን ደገመው። የገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ መቶ ሃምሳ የሚሆን ሰው ዱላውን በጉልበቱ መካከል ይዞ ተቀምጧል።

«ወልዴ ካሳሁን አልመጣም?»

«የለም» አለ አንድ ድምፅ ከመካከል።

«የት ሄደ?»

«ሞቷል።»

ተፈራ በስሙ ላይ መስመር አሰመረና ወደ ሁለተኛው አለፈ። ሽፈራው የሚባለውም ሞቷል። ሦስተኛው ጀብሪል ይመር ደግሞ ከሞተ ሠላሳ ዓመት እንዳለፈው፣ መቃብሩ ላይ የበቀለው ግራር ሳይቀር ተቆርጦ ከሰል እንደ ሆነ አንድ ሽማግሌ በትሕትና አስረዱ። አራተኛው ስም ሲጠራ ከሴቶቹ ወገን የታፈነ ሳቅ ሾልኮ ወጣና ወዲያው ተዋጠ። በሩ ላይ የቆሙት ሁለት ታጣቂዎች ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

ንግሥት አያሌው አልሳቀችም። የኋላው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አምስተኛውን ስም ተፈራ ከመጥራቱ በፊት በሆዷ ጠራችው፤ ካሳዬ በላይ። ተፈራም «ካሳዬ በላይ!» አለ። ስድስተኛውን አሰበች፤ ስድስተኛውም እንዳሰበችው መጣ። ይኼኔ ክው አለች።

ግራና ከተማ አጠገብ፣ ወንዝ ዳር ባለችው በዚህች መንደር የመስኖ ውሃ ተራ በሕያው ሰው ስም አይጠራም። ተራው የሚጠራው ቦዩን መጀመሪያ በቆፈሩት ሰዎች ስም ነው። እነሱ ከሞቱ ስንትና ስንት ዓመት ሆኗል፤ መሬቱም በአዋጅ ተወርሶ ደጋግሞ ተሸንሽኗል፤ ተራው ግን ስሙን አልለወጠም። «ዛሬ የወልዴ ውሃ ነው» ይባላል፤ ቦዩን ከፍታ በቆሎዋን የምታጠጣው የወልዴ ምራት በላይነሽ ናት። እነዚህ ስሞች በግብር መዝገብ የሉም፤ በማኅበሩ መዝገብ የሉም፤ በእርዳታ እህል መቀበያ ካርድም የሉም። በወረቀት ላይ የሰፈሩት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ንግሥት ራሷ በሠራችው ሠንጠረዥ ላይ። ቅደም ተከተሉም የእሷው ነው። ከሁሉ ያነሰ ውሃ ከሚደርሰው ጀምራ ነበር የደረደረችው።

ንግሥት የወልዲያ ልጅ፣ የመካኒኩ የአያሌው ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ምሕንድስና ስታጠና አምስተኛ ዓመቷ ነው። አምስተኛ ዓመት ከመግባቷ በፊት፣ በሰባ ዘጠኝ መጨረሻ፣ መምህራኑ ከክፍሉ ስድስት ተማሪ መርጠው እያንዳንዱን ልምድ ካለው መሐንዲስ ጋር አጣመሩ፤ ተማሪው መሐንዲሱ እግር ሥር ሆኖ የራሱን ጥናት እንዲሠራ ነው። ጥናቱን በደንብ የሠራ በማዕረግ ይመረቃል፤ ዕድል ከቀናውም እዚያው በረዳት መምህርነት ይቀራል። ከስድስቱ አንዷ ሴት ንግሥት ነበረች። አባቷ ይህን ነገር ለጋራዡ ደንበኛ ሁሉ ነግሮ ጨረሰና፣ በኋላ ለጎማዎቹም ሳይነግራቸው አልቀረም።

የደረሷት መሐንዲስ ኢንጂነር አዳነ ይባላሉ። ግራና ላይ ባለች ሁለት ክፍል የመስኖ ጽሕፈት ቤት ተቀምጠው ሃያ ዓመት ውሃ ሲለኩ የኖሩ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ለንግሥት የሰጧት ሥራ ቀላል ይመስል ነበር፤ ከቦዩ ራስ እስከ ጫፉ ለእያንዳንዱ ተራ ምን ያህል ውሃ እንደሚደርስ መለካት። ሁለት ወር ሙሉ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ከረመች። ከአርባ አንዱ ተራ፣ ጫፍ ላይ ያሉት አሥራ አራቱ ከሚያስፈልጋቸው ውሃ ሲሶው እንኳ እንደማይደርሳቸው አገኘች። ይህን ያየ መንግሥት ውሃውን ከወንዙ ወደ ቦዩ የሚመልስ የድንጋይ ጠለፋ ይሠራላቸዋል ብላ ሠንጠረዡን አሳምራ ሠራችው። ኢንጂነር አዳነ አይተው እጇን ጨበጧት፤ በሁለት ወር ውስጥ አንዴ ነው የጨበጧት። በሦስት ቅጂ ተተየበ፤ አንዱ እንደ ደንቡ ወደ አውራጃ ሄደ።

አውራጃ ያነበበው ሰው ግን ሌላ ነገር አነበበ። ባለፈው ዙር ለሰፈራ የተጫኑት ሰዎች ያለ አግባብ ነው የተነሡት ተብሎ ከላይ ቁጣ መጥቶ ነበርና፣ በዚህኛው ዙር የሚነሣው ሰው «በጥናት» መለየት አለበት ተብሏል። ከኮታው ለዚህች መንደር የደረሳት አሥራ አራት አባወራ ነው። ጥናቱም ይኸው ከነቁጥሩ ተገኘ።

አሥራ አራቱም ሞተው ሲያልቁ ተፈራ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። አልጮኸም፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነበር።

«የሞተ ሰው አያርስም» አለ። «ጥናቱን የሠራችው ተማሪ አለች እዚህ?»

ንግሥት ተነሣች። 

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጽሕፈት ቤት እመጣለሁ፤ ጓድ ንግሥት። በእያንዳንዱ ሟች ስም ፊት ለፊት፣ ዛሬ በዚያ ውሃ የሚያርሰውን ሰው ስም ጽፈሽ ትጠብቂኛለሽ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። የተቆጣ ፊት አልነበረም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ሁለት ወር ሙሉ በየማሳው ጫፍ እሸት ሲጠብሱላት የከረሙ ሰዎች ናቸው።

ከአዳራሹ ስትወጣ በላይነሽ ጠበቀቻት። ንግሥት የምታድረው እሷ ቤት ነው፤ ወርሃዊ ኪራይ ብትሰጣት አልቀበልም ብላ፣ በመጨረሻ በስንት ልመና ሳሙናና ስኳር መቀበል የጀመረች ሴት ናት። ጎን ለጎን ሆነው በቦዩ ዳር ቁልቁል ሄዱ። በላይነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ እንዳደረገች ጠየቀቻት።

«የወልዴ ውሃ የኔ መሆኑን ጽፈሻል፤ ልጄ?»

«ሠንጠረዡ ላይ የለም፤ እትዬ። ደብተሬ ላይ ግን አለ።»

«የሁላችንም አለ?»

«የሁላችሁም።»

በላይነሽ ራሷን ነቀነቀች። የእሷ ወንድም በሰባ ሰባት ሐራ ገበያ ላይ ፍየል ሊሸጥ እንደ ቆመ ነው የተጫነው። ፍየሏ ብቻዋን ተመለሰች። ደብዳቤ የለ፣ መልእክት የለ፣ መተከል ነው ያሉ አሉ፣ አሶሳ ነው ያሉም አሉ። ሰሞኑን ደግሞ የጭነት መኪኖች ሐራ ላይ ተደርድረው ቆመዋል ሲባል በላይነሽ ሌሊቱን ስትገላበጥ ታድራለች፤ ንግሥትም ከመደቡ ማዶ ተኝታ ትሰማታለች።

ውሃው ለየማሳው በሚከፈልበት የቦዩ መክፈያ ላይ የውሃ አባቱ አያ አብዱልጀሊል ተቀምጠው አገኟቸው። ተራ የሚያከፋፍሉ፣ በውሃ የተጣላ የሚያስታርቁ እሳቸው ናቸው፤ ማን የማንን ውሃ እንደሚያጠጣም በቃላቸው ያውቃሉ። ካድሬው ከስብሰባው በፊት እሳቸውንም ጠይቋቸው ነበር። አላውቅም አላሉም፤ ሁሉም ሞተዋል ነው ያሉት፤ ካድሬው ግን አላመናቸውም ነበር።

«የዋሸነው ነገር የለም፤ ወላሂ» አሉ። «ሞተዋል፤ አላህ ይማራቸው። አሁን ስማችንን የያዘው ደብተርሽ ብቻ ነው። አድርጊ አንልሽም፤ አታድርጊ አንልሽም። አንቺም የሰው ልጅ ነሽ፤ አባት እናት አለሽ።»

ስድብ ቢሆን ትችለው ነበር። ይህን ግን አልቻለችውም፤ ፊቷን ወደ ውሃው አዙራ አለቀሰች።

ጽሕፈት ቤቱ ስትደርስ ኢንጂነር አዳነ ወሬው ቀድሟት ደርሷቸዋል። እርሳስ እየቀረጹ ነበር። ሲቀርጹ ሲቀርጹ ግማሹን ጨርሰውታል። ደብተሩን ቀድጄ እሳት ብከተውስ አለቻቸው፤ ገና ሳትቀመጥ።

«ቅጂው አውራጃ ነው ያለው። ከሥሩም ‹ዝርዝሩ በመስክ ደብተር ላይ ይገኛል› ብለሽ ጽፈሻል። እኔ ነኝ እንድትጽፊ ያስተማርኩሽ።» እርሳሱን አስቀመጡት። «ደብተሩ ጠፋ ብትይ መጀመሪያ አንቺን ነው የሚወስዱሽ፤ ቀጥሎ እኔን። እያንዳንዱ ገጽ ላይ ፊርማዬ አለ።»

«እሺ ምን ላድርግ?»

ኢንጂነር አዳነ ወደ በሩ ተመለከቱ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በሰባ ዓመተ ምሕረት ሰባት ወር ታስረው እንደ ነበር ነገሯት። ለምን እንደ ታሰሩ ያኔም አልተነገራቸው፣ ዛሬም አያውቁት። አብረዋቸው ከነበሩት ዘጠኝ ሰዎች ሦስቱ በስማቸው ተጠርተው ወጡ፤ አልተመለሱም። ከዚያ ወዲህ ስም የሚጠራ ድምፅ ሲሰሙ፣ የትምህርት ቤት ቢሆን እንኳ፣ ላብ ያሰምጣቸዋል።

«ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ንግሥት» አሉ። «ደብተር አላት ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ አላት እላለሁ። አሳይ ቢለኝም አሳያለሁ። ከኔ ጀግና አትጠብቂ። ደግሞ እወቂው፤ እነዚህ አሥራ አራቱ ቢቀሩ ኮታው አይቀርም። ከሌላ ቦታ ይሞላል።»

ንግሥት እስከዚያች ሰዓት ድረስ እኚህ ሰው አንድ መላ አያጡም ብላ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ለእያንዳንዱ ጥያቄዋ መልስ ያላቸው ሰው ናቸው። አሁን ከፊቷ የተቀመጠው የፈራ፣ እርሳስ የሚቀርጽ አዛውንት ነው፤ የሳቸውን ፍርሃት ስታይ የሷ እጥፍ ሆነ። በሆዷ ቀየመቻቸው። ወዲያው ደግሞ አዘነችላቸው። ከዚያ ሁለቱም ስሜት ጠፋና መንገዱ ላይ የተፈራን ላንድሮቨር ድምፅ ሰማች።

ተፈራ ገብቶ ተቀመጠ። ኢንጂነሩን ጤናቸውን ጠየቃቸው፤ ለንግሥት ወንበር ሳበላት። ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ጫማው የተወለወለ፣ ንግግሩ የተቆጠበ ሰው ነው። ሠንጠረዡን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በአሥራ አራቱ ስሞች ጎን ያለውን ባዶ ቦታ በጣቱ አሳያት።

«ጻፊ።»

ንግሥት ደብተሩን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ አልከፈተችውም። 

«ስሞቹ ይኸው እዚህ አሉ» አለች። «ግን ቢጻፉም ጥቅም የላቸውም። ሠንጠረዡ ስሕተት ነው።»

«ምን ማለት ነው ስሕተት?»

«ጫፍ ላይ የለካሁት የላይኞቹ ቦዩን በጠለፉበት ሰሞን ነው። ያኔ አላወቅኩም ነበር። በደህናው ጊዜ ውሃ ይደርሳቸዋል።»

ተፈራ ፊቷን ትክ ብሎ አየው። ንግሥት በሕይወቷ እንዲህ በቁሟ ዋሽታ አታውቅም፤ ውሸቱ ግንባሯ ላይ የተጻፈ መሰላት። ተፈራ ቀስ ብሎ ወደ ኢንጂነር አዳነ ዞረ።

«ይህን ሠንጠረዥ ፈርመህበታል፤ ጓድ አዳነ።»

«ፈርሜያለሁ።»

«ስሕተት ነው?»

ኢንጂነር አዳነ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አዩ፤ የካቲት ሰማንያ ይላል። «እንዲህ ተቀምጠን ልናውቅ አንችልም» አሉ በመጨረሻ። «የሚታወቀው ተለክቶ ነው።»

«መልካም፤ አሁን እንለካለን። ከተሳሳትሽ ዝርዝሩ ይሰረዛል።» ደብተሩን አንሥቶ ብብቱ ሥር አደረገው። «ካልተሳሳትሽ እዚያው ስሞቹን ትጽፊያለሽ። ከዚያ በኋላ ወልዲያ ድረስ ይዤሽ እሄድና ለምን እንደ ዋሸሽኝ እንነጋገራለን።»

ላንድሮቨሩ ውስጥ ንግሥት በሁለቱ ታጣቂዎች መካከል ተቀምጣ፣ አባቷ ይህን ቢሰማ የያዘውን መፍቻ ጥሎ እንዴት እንደሚቀመጥ በሐሳቧ አየችው። ኢንጂነር አዳነ ከፊት ናቸው፤ የሚታያት ማጅራታቸው ብቻ ነበር፤ በላብ ርሷል።

የቦዩ ጫፍ ከበላይነሽ በቆሎ አጠገብ ነው። ውሃው የዚያን ዕለት ወደ ጫፍ ተለቅቆ ነበር፤ እየፈሰሰም ነው። ላላወቀ ሰው የሚፈስ ውሃ ሁሉ ውሃ ነው። ንግሥት ቦዩን ያገደችበት ቆርቆሮ እንደ ተተከለ አለ፤ መሀሉ ላይ ወደ ታች ሹል ሆኖ የተቀደደ ሲሆን ውሃው በዚያ ቅድ ያልፋል። በቅዱ ውስጥ የሚያልፈው ውሃ ምን ያህል ከፍ እንዳለ በጎኑ በቆመችው ማስመሪያ ይነበባል፤ ሥራው ይኸው ነው። የመንደሩ ሰው ከማዶ ባለው ዳገት ላይ ተሰብስቦ ቆሟል፤ ማንም አልጠራውም። አያ አብዱልጀሊል ከፊት ናቸው። በላይነሽ ቁጢጥ ብላ ተቀምጣለች።

«ስንት ሲሆን ነው ይበቃል የሚባለው?» አለ ተፈራ።

«ስምንት ሳንቲ ሜትር» አሉ ኢንጂነር አዳነ።

ተፈራ ከቦዩ አፋፍ ቆመ። ታች ያለው ጭቃ ቁርጭምጭሚት የሚውጥ ነው። ጫማውን አየና እዚያው ቀረ።

ንግሥት ወረደች። ቀሚሷን ሰብስባ ጎንበስ ስትል ውሃው እንደ ወትሮው ቀዝቃዛ ነበር። ዐይኗን ከማስመሪያዋ ትክክል አደረገች። አምስት። ከአምስት አንዲት ፀጉር ታህል እንኳ አላለፈም። ሁለት ወር ሙሉ ስታነበው የከረመችው ያው አምስት ነው። ከዳገቱ የሚያያት ዐይን ብዛት ስላስፈራት ቀና አላለችም።

«ስምንት» አለች።

«አሁን አንተ» አለ ተፈራ ለኢንጂነሩ። «ሁለት ሰው ነው የሚያነብ ተብሎ በሪፖርቱ ላይ ተጽፏል። አንብቤዋለሁ።»

ኢንጂነር አዳነ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ፈቱ። ካልሲያቸውን አወለቁ፤ አጥፈው ጫማቸው ውስጥ አደረጉ፤ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቀለሉ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ለንግሥት አንድ ሙሉ ቀን የፈጀ መሰላት። ያነበብኩትን እላለሁ ባይሏትም፣ ቀደም ሲል ደብተር አላት እላለሁ፣ አሳያለሁ ማለታቸው ከዚህ የተለየ አልነበረም። ጎኗ ወርደው ጎንበስ አሉ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩ፤ እንደገና አወረዱና አዩ።  ማስመሪያውን በያዙበት በኩል የውሃው ፊት ይንቀጠቀጥ ነበር።

ተፈራ የጫማውን ማሰሪያ ለመፍታት ጎንበስ አለ።

«ስምንት ነጥብ ሁለት» አሉ ኢንጂነር አዳነ።

ተፈራ እጁን ከማሰሪያው ሳያነሣ ቆየ። «እሷ ስምንት ነው ያለችው።»

«ሁለት ሰው እኩል ካነበበ ነው የሚጠረጠረው» አሉ፤ ድምፃቸው የጽሕፈት ቤቱ ድምፅ አልነበረም፤ ቦዩ ዳር እሷን የሚያስተምሩበት ድምፅ ነበር። «አማካዩን ውሰጂ፤ ንግሥት።»

ተፈራ ቀና አለ።  ደብተሩን ለንግሥት ወርውሮ ሰጣት፤ በቀለም ስምንት ነጥብ አንድ ብላ ጻፈች። ኢንጂነር አዳነ በባዶ እግራቸው እንደ ቆሙ ከሥሩ ፈረሙ። የሁለት ወር ጥናቷ በዚያች መስመር ተሰረዘ። ማዕረግ፣ ረዳት መምህርነት፣ የአባቷ ወሬ ሁሉ አብሮ ሄደ፤ እሷም ይህን ያኔውኑ አውቃዋለች፤ ሆዷ ግን ለዚህ ለማዘን ገና ፋታ አላገኘም።

ተፈራ ከኪሱ ያወጣውን ሠንጠረዥ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ሰረዘው። ቀጥሎ ወደ ወንዙ ማዶ አገጩን አቀና።

«ያኛው ቦይስ? ጫፉ ላይ ስንት ተራ አለ?»

«አልተጠናም» አሉ ኢንጂነር አዳነ።

«እንግዲያው ይጠና። እስከ ሐሙስ ውጤቱን እፈልጋለሁ። አሥራ አራት ሰው የትም መገኘት አለበት። ማን ነው የሚለካው?»

ንግሥት ለረቡዕ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ትኬት ቆርጣለች፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሳምንት ሌላ አውቶቡስ የለም። ትምህርቱ ሰኞ ይጀመራል፤ ከስድስቱ ተማሪዎች ሳይደርስ የቀረ ምን እንደሚጠብቀው ታውቃለች። ማዶ ያለውን ቦይ ሌላ ሰው ቢለካው ያየውን ነው የሚያነበው፤ አምስት ከሆነ አምስት ይላል። ደግሞ ነገ ተፈራ ጫማውን አውልቆ ሊመጣ ይችላል። ፍርሃቷ አልለቀቃትም፤ እንዲያውም አሁን ነው እግሯ ሥር ያለውን ጭቃ ሳይቀር ያስጠላት። ኢንጂነር አዳነን አየቻቸው፤ እሳቸው አላዩዋትም፤ እግራቸውን በመሐረብ እያደረቁ ነበር።

«እኔ እለካለሁ» አለች፤ ጎንበስ ብላም ቆርቆሮውን ከጭቃው መንቀል ጀመረች።